የባለፋኖሷ ባዶ እጅ

አሮጊት ናት፣ አልተማረችም፣ ሐዘን ላይ ናት። እኔን ላለመስማት የቀረቡት ምክንያቶች እነዚህ ናቸው። ሁሉም እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ዓይኔ ያያል፣ ጆሮዬ ይሰማል፣ የልጅ ልጄን ደግሞ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ይህን ለመጀመሪያው ፖሊስ ነገርኩት። እስክሪብቶውን ይዞ ሰማኝ፤ አንድ ቃል አልጻፈም። «ማዘር፣ ይረጋጉ» አለኝ። ተረጋግቼ ነበር። ምናልባት ያናደደውም እሱ ነው። እንባ ቢያይብኝ ኖሮ ቢያንስ ወንበር ይሰጠኝ ነበር።

ልጅቷን ጭራሮ እንላታለን፤ ቅጥነቷን አይታ እናቷ ያወጣችላት ስም ነው። እናቷ ስትሞት ስሙም ልጅቷም እኔ ጋ ቀሩ። አንድ ቀን ጠዋት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሱቁን ከፍቶ ወደ ኋላው ክፍል ሲያልፍ፣ ከደረጃው ሥር ተዘርግታ አገኛት። ጭንቅላቷ የአሮጌው ወረቀት መቁረጫ ማሽን የብረት እግር ላይ አርፏል። ቀዝቅዛ ነበር። ሐኪሞቹ የሞተችው ከሰዓት በኋላና ማታ መካከል ነው ከማለት ሌላ የጨመሩት የለም።

ለምን እዚያ እንደነበረች ልናገር። ከማተሚያ ቤቱ በላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ጭራሮ፣ አንዲት የጥርስ ሐኪምና አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ይሰበሰባሉ። የሚያገናኛቸው በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚታይ፣ ከሩቅ አገር የመጣ የካርቱን ተከታታይ ነው። ውሃ በዋጣት ከተማ ውስጥ በጀልባ እየዞረች የጠፉ ሰዎችን የምትፈልግ ሴት ታሪክ ነው፤ ባለፋኖሷ ይሏታል። እነዚህ ሰዎች ማየቱ አልበቃቸው ብሎ ታሪኩን እንደገና ይስሉታል። ደራሲው ያለያያቸውን ያገናኛሉ፣ የገደለውን ያስነሳሉ። ጭራሮ በእርሳስ ታወጣዋለች፣ ሐኪሟ መስመሩን በጥቁር ቀለም ትደግመዋለች፣ ሾፌሩ በውሃ ቀለም ይቀባዋል፤ ሲቸኩሉ ግን አንዱ የሌላውንም ሥራ ይሠራል። አታሚው ስቲከር አድርጎ ያትምላቸዋል።

«ይህን የሚያህል ሰው ካርቱን ይስላል?» ብዬ ስቄባቸው ነበር። በሳምንቱ ጭራሮ አንድ ሥዕል አመጣችልኝ፤ ጀልባ ቀዛፊዋ አሮጊት የእኔን አፍንጫ ይዛ ቁጭ ብላለች። ከዚያ ወዲህ አልሳቅኩም።

ተከታታዩን ሁልጊዜ አብረን ነው የምናየው። ከሥር የሚጻፈውን ትርጉም እሷ ታነብልኛለች፤ ለእያንዳንዱ ሰው ድምፅ እየቀያየረች፣ ክፉዎቹን በአፍንጫዋ እያናገረች። ሞታ በተገኘችበት ዋዜማ ምሽት ግን አልመጣችም። ብቻዬን አየሁት። ሰዎቹ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ አለቀ።

ከማተሚያ ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል፣ ጠረጴዛዋ ላይ የተገኘው ሥዕል ባለፋኖሷንና አሮጊቷን ቀዛፊ ያሳያል። ባለፋኖሷ ሦስት እግር ያለው ክብ ፋኖስ ይዛለች። የድሮ ፋኖሷ ከዚያ በፊት በታየው ክፍል ተሰብሮ ስለነበር፣ አዲሱ ምን እንደሚመስል ማንም አድናቂ አያውቅም ነበር፤ የታየው ያን ምሽት ነው። ጭራሮም ሥዕሉን ጀምራ የባለፋኖሷን እጅ ባዶ ትታው ነበር፤ «ሳላይ አልስልም» ብላኛለች። ፖሊሱ ነገሩን በዚህ ዘጋው፦ አዲሱን ፋኖስ ከሳለችው ተከታታዩን አይታለች፤ ካየችው ደግሞ እስከዚያ በሕይወት ነበረች። ሥላ ጨረሰች፣ ደከማት፣ ስትወርድ ወደቀች።

«ያለ እኔ አታየውም» አልኩት።

«ማዘር፣ ስልክ የሚባል ነገር አለ። ወጣት ናት፣ ቸኩላ ታየዋለች።»

«ያለ እኔ አታየውም።»

«ይረጋጉ።»

በራሷ የጥንቃቄ ጉድለት ሞተች ብለው መዘገቡ። ከአልጋ ያስነሳኝ ይህ ቃል ነው። ጭራሮ የቀለም ጠብታ ጠረጴዛ ላይ ስትጥል አይቼ አላውቅም። በየጠዋቱ ጣቢያ እየሄድኩ ከአዛዡ በር ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። አልጮህኩም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዓይኑን አየዋለሁ፣ በቃ። ሊገላገለኝ ብሎ መርማሪዋን ላከልኝ።

መርማሪዋ አጭር ናት፤ ፀጉሯን በእርሳስ ትቋጥራለች፣ ነገር ሲከብዳት ጫማዋን ታወልቃለች። እኔ ያልነበርኩበትን ሁሉ እንዳየሁ አድርጌ የምነግራችሁ፣ እሷን ይዤ ቃል በቃል ስላስደገምኳት ነው።

መጀመሪያ ቤቴ መጣችና ከላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጓንት አወጣች። ትንሿን ጣትና ከጎኗ ያለችውን ብቻ የሚሸፍን ጓንት ነው።

«እማማ፣ ያውቁታል?»

«እኔ ነኝ ከካልሲ ቆርጬ የሰፋሁላት። ስትስል እጇ እርሳሱን እንዳያበላሽባት።»

«ስትገኝ እጇ ላይ ነበር። መቼ ነበር የምታወልቀው?»

«ከወንበሯ ስትነሳ። ውሃ ልትቀዳ እንኳ ብትነሳ ታወልቃለች። ካልሲ በእጄ አድርጌ ሰው ፊት አልቀርብም ትላለች።»

መርማሪዋ ጫማዋን አወለቀች። «ቦርሳዋም ፎቅ ላይ ነው የቀረው» አለች፣ ለራሷ። «ጨርሳ ወደ ቤቷ እየሄደች አልነበረም። ድንገት ነው የተነሳችው።»

ከዚያ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ወስዳ አሳየችኝ። ከእኛና ከፖሊሶቹ በቀር እስከዚያ ያየው የለም። ከፋኖሱ ሥር፣ ቀለሙ ሳይደርቅ የሆነ ሰው የመዳፍ ጎን የጎተተው ሰፊ እድፍ ነበር።

«ይኼ የሷ አይደለም» አልኩ።

«ጓንት ያደረገ እጅ እንዲህ አይጎትትም» አለች። ያን ቀን የተናገረችው ይኸን ብቻ ነው። ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

አታሚው ማሽኑን ሳያቆም ነው የመለሰላት።

«ከሰዓቱን ሙሉ እዚሁ ነበርኩ። ይኼ ማሽን ሲሠራ ከኋላ ቤቱ ቢፈርስ አልሰማም። የኋላው ክፍል ደግሞ በጓሮ በኩል የራሱ በር አለው፤ እነሱ በዚያ ነው የሚገቡት የሚወጡት። ተከታታዩ ሊጀምር ሲል ዘግቼ ሄድኩ፤ ልጆቼ ካልደረስኩላቸው በሪሞት ይፋጃሉ።»

«ሲዘጉ ወደ ኋላ አላዩም?»

«ምን ልሠራ? አሮጌ ማሽንና የወረቀት ቁርጥራጭ ነው ያለው።»

«ፎቅ ላይ ከሚስሉት ጋር ግን አልተስማማችሁም።»

ማሽኑን ያኔ አቆመው። «ክፍሉን ልቀቁልኝ ብያለሁ፣ አዎ! ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ አንድ ቀን ሰው ይጨርሳል ብዬ። ማን ነው የነገረሽ?»

«አሁን እርስዎ ነገሩኝ።»

ወደ ጥርስ ሐኪሟ ስትሄድ፣ ሐኪሟ የታካሚዋን አፍ በጥጥ ሞልታ መጠበቂያው ክፍል ድረስ ወጣች።

«ሰሞኑን ከጭራሮ ጋር ተኮራርፋችሁ ነበር ይባላል።»

«መስመሬን አጠፋችብኝ። የቀዛፊዋን አገጭ አስተካክዬላት ነበር፤ መልሳ አንጋደደችው።»

«ለምን?»

«የአያቴ አገጭ እንዲህ ነው አለች።» ሐኪሟ መሬት መሬት አየች። «እኔ ሥራዬ ማስተካከል ነው። የተጋደደ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም። በዚህ ነው የተኮራረፍነው። በአገጭ።»

«ያን ዕለትስ የት ነበርሽ?»

«ተከታታዩ እስኪያልቅ እዚህ። ከታካሚዎቹ ጋር አየሁት። ከዚያ ቤቴ፣ ብቻዬን።»

«ከተከታታዩ በኋላ ከሆነ የሞተችው፣ ምስክር የሌለሽ አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ብትይዢኝም አልከራከርሽም። ደክሞኛል።»

ሾፌሩን ግን ያገኘችው እኔ ቤት ነው፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሊጠግንልኝ ተንበርክኮ። ትልቅ ሰው ነው፤ በር ሲገባ ጎኑን ያስቀድማል። ጭራሮ ከሞተች ጀምሮ ያልመጣበት ቀን የለም። ዳቦ ያመጣል፣ አምፖል ይቀይራል። «እማዬ፣ ምን ጎደለ?» ይለኛል። ምንም እለዋለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም ብለን ግድግዳ እናያለን። ያን ሰሞን የምችለው ነገር ግድግዳ ማየት ነበር፤ አብሮኝ የሚያይ ሰው ማግኘቴን ወድጄው ነበር።

«ያን ምሽት ሥራ ላይ ነበርክ?» አለችው።

«ተከታታዩ ሲጀምር መሪ ጨብጫለሁ፣ እስከ መጨረሻው ዙር። አውቶቡስ ሙሉ ምስክር አለኝ፤ ግማሹ እንቅልፍ ላይ ቢሆንም።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ቤቴ ተኝቼ። የማታ ፈረቃ ያለበት ሰው ቀን ይተኛል።»

«ስለዚህ አዲሱን ክፍል አላየኸውም።»

እንደ ሰደቡት ሰው ቀና አለ። «እኔ? አንድም ክፍል አምልጦኝ አያውቅም! በማግስቱ በስልኬ አይቼዋለሁ። ያውም ሁለቴ።»

«እንዴት ነበር?»

«ፋኖሱ ያምራል» አለና ወደ ቧንቧው ተመለሰ።

እሱ ከሄደ በኋላ መርማሪዋ ያን የተከታታዩን ክፍል ከእኔ ጋር ልታየው ቁጭ አለች። ትርጉሙን አነበበችልኝ። አነባበቧ አያድርስ ነው፤ ክፉውንም ደጉንም በአንድ ድምፅ፣ አውቶቡስ ሊነሳ ነው እንደሚል ድምፅ ማጉያ። ቻልኩት። ሊያልቅ ሲል ዝም አለች።

«ቀጥይ እንጂ።»

«ዘይት የላትም» አለች።

«ማን?»

«ባለፋኖሷ። ፋኖሱን ሰጧት እንጂ ዘይት አልሰጧትም። እስከ መጨረሻው አልበራም።» ሥዕሉን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ፋኖሱ ውስጥ ነበልባል አለ፤ አረንጓዴ፣ መሐሉ ነጭ። «እማማ፣ የድሮው ፋኖስ ብርሃኑ ምን ዓይነት ነበር?»

«ቢጫ። ሁልጊዜ ቢጫ።»

ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ አሻሸች፣ አሻሸች፣ ከዚያ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። ደህና ይደሩም አላለችኝ።

ቀጣዩ ክፍል በሚታይበት ቀን ሁሉንም ቤቴ ጠራቻቸው። አታሚው አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ ሐኪሟ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ሾፌሩ ወለሉ ላይ፣ የኔ ወንበር ይሸከመዋል ብሎ ስላላመነ። ያ «ይረጋጉ» ባዩ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ። ቴሌቪዥኑ ገና አልተከፈተም።

መርማሪዋ ለእያንዳንዳቸው ወረቀት አደለች። ባለፋኖሷ ከነአዲሱ ፋኖሷ በመስመር ብቻ ተስላበታለች። መሐል ላይ ቀለምና ብሩሽ አስቀመጠች።

«ባለፈው ክፍል እንዳያችሁት ፋኖሱን ቀቡልኝ።»

«እኔ አታሚ እንጂ ቀቢ አይደለሁም» አለ አታሚው።

«ጋሼ፣ ይሞክሩት።»

ቀቡ። ክፍሉ ውስጥ የብሩሽ ድምፅ ብቻ ነበር። የአታሚው ፋኖስ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆነ። «ልጆቹ እየጮሁ በወጉ አላየሁትም» አለ። «ፋኖስ ያው ፋኖስ ነው ብዬ ነው።» ሐኪሟ እግሮቹን ጥቁር ቀብታ መስተዋቱን ነጭ ተወችው። ሾፌሩ አጎንብሶ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ በትልቅ እጁ ቀስ አድርጎ ቀባ። አረንጓዴ፣ መሐሉን ነጭ ትቶ።

ሐኪሟ አንገቷን አስግጋ አየችው። «ይኼ ምንድነው?»

«ነበልባሉ ነዋ።»

«አልበራም እኮ።»

«እንዴት አልበራም? አረንጓዴ አልነበር? ሁላችሁም አይታችሁት የለ!»

መርማሪዋ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። ብዙ አልቆየም፤ ባለፋኖሷ ከአሮጊቷ ቀዛፊ ዘይት ተቀበለች፣ ክብሪት ጫረች፣ ፋኖሱ ቦግ አለ። ቤቴ ግድግዳው ሳይቀር አረንጓዴ ሆነ።

መርማሪዋ ድምፁን ዘጋችው።

«ከጓንቱ ልጀምር» አለች። «ጭራሮ ጓንቷ እጇ ላይ እያለ፣ ቦርሳዋን ትታ ነው ደረጃው ጋ የሄደችው። ሥዕል ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው እንደዚያ አይሄድም። አንድ ሰው አስነስቷታል። ፋኖሱን የቀባው እጅ ግን ጓንት አልነበረውም፤ እርጥቡን ቀለም ጎትቶታል፣ ደግሞ ሰፊ እጅ ነው። ስለዚህ ፋኖሱ የሷ ሥራ አይደለም። ማነው በሟች ሥዕል ላይ የሚቀጥል? ያን ምሽት ቆይታ የሞተች እንዲመስል የሚፈልግ ሰው። ከተከታታዩ በኋላ ከሆነ እሱ ሌላ ቦታ ነው፣ ምስክር አለው።»

«እኔም ምስክር አለኝ፣ ልጆቼ» አለ አታሚው፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«አለዎት። እርስዎ ግን ቢጫ ነው የቀቡት።» ሥዕሉን አውጥታ ከሾፌሩ ወረቀት ጎን አስቀመጠችው። ሁለቱም ነበልባሎች መንታ ናቸው። «ያን ክፍል ያየ ሰው ፋኖሱን ባዶ ይተወዋል። ያላየ ሰው ቢጫ ይቀባዋል። አረንጓዴ የሚቀባው ዛሬ የታየውን ያን ጊዜ ያወቀ ሰው ብቻ ነው። ተከታታዩን ለሚሠራው ድርጅት ደወልኩ። አዲሱን ፋኖስ አስቀድመን ያሳየነው ከውጭ ሰው ለአንድ አድናቂ ብቻ ነው አሉኝ፤ የላከው ሥዕል በውድድር ተመርጦለት፣ ከተከታታዩ የሚወጣውን መጽሐፍ ሽፋን እንዲሠራ ለታዘዘው። ስሙን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አንሰጥም አሉ። ትእዛዙ እስኪመጣ ብሩሽ ይቀድማል አልኩ።»

ወደ ሾፌሩ ዞረች። «ክፍሉን ሁለቴ አየሁት አልከኝ። አንዴም አላየኸውም። ማየት አቅቶህ ነው። ግን አድናቂ ሆነህ አላየሁም ማለትም አቃተህ።»

ሾፌሩ ብሩሹን ውሃው ውስጥ አጠበው። ቀስ ብሎ፣ ለሥራ እንደሚያዘጋጀው።

«የላኩት ሥዕል የሷ ነበር» አለ። «ያ እማዬ ያሉበት። ቀለሙ ግን የኔ ነው። መስመር ያለ ቀለም ምንድነው? በስሜ ላክሁት። ይመረጣል ብዬ አላሰብኩም። ሲመረጥ ሽፋኑን ሥራ አሉኝ፣ የአዲሱን ፋኖስ መልክ ላኩልኝ። እኔ ፋኖስ ብገለብጥ እንጂ ሰው በመስመር ማውጣት አልችልም። አብረን እንሥራው ልላት ወሰድኩላት። የኔን ስም ብቻ ስታይበት ወረቀቱን ነጥቃኝ ተነሳች፤ ለአያቴ አሳያታለሁ፣ ለሁሉም እናገራለሁ አለች። ደረጃው ጋ ያዝኩት። ወረቀቱን ነው የሳብኩት። እሷን አይደለም።»

ሐኪሟ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እኔ ቴሌቪዥኑን ነበር የማየው። ባለፋኖሷ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች።

«ወርደህ አየሃት?» አልኩት።

«አየኋት፣ እማዬ። አትተነፍስም ነበር።»

«ከዚያ ተመልሰህ ወጣህ?»

«አዎ።»

«ቀለም ልትበጠብጥ።»

ቧንቧው አያንጠባጥብም ነበር፤ በደንብ ጠግኖታል። ሲወስዱት በሩን በጎኑ ወጣ። ያ ፖሊስ ተመልሶ መጣና ወንበር ጎትቶ ሰጠኝ። ቁጭ ብያለሁ፣ አልታየህም? አልኩት።

በራሷ የጥንቃቄ ጉድለት የሚለውን ሰርዘውታል፤ መርማሪዋ መጥታ አነበበችልኝ፣ በዚያው በአንድ ድምፅዋ። ድርጅቱም ሽፋኑን በጭራሮ ስም አወጣለሁ ብሏል። ደስ ይበልሽ አሉኝ። የሚሰማኝን ስፈልግ ምንም አላገኘሁም፤ ዳቦ መግዛት እንዳለብኝ ብቻ ትዝ አለኝ።

አሁን አንቺ። ይህን ሁሉ ስናገር ስትጽፊልኝ የሰነበትሽው አንቺ የጥርስ ሐኪም፣ ይህንንም ጻፊው። ፍርዱ ሲያልቅ ጠረጴዛዋ ላይ የተገኘውን ሥዕል ይመልሱልኛል። ያን ቀን ምላጭሽን ይዘሽ ነይ፤ የሰው ጥርስ የሚፍቅ እጅ ወረቀት አያቅተውም። ያን አረንጓዴ ነገር ፍቂልኝ። ፋኖሱንም፣ እድፉንም፣ አንድ ነጥብ ሳይቀር። የባለፋኖሷ እጅ ባዶ ይሁን፣ ልጄ እንደተወችው።

አገጬን ግን እንዳትነኪው።